ቆርቆሮ አጥር አያብብም፦ የወሎን ጓሮ ለንብና ለወፍ ማመቻቸት

ደሴ ላይ ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠፋው አጥሩ ነው። ቀጋው፣ ግራዋው፣ አንፋሩ ይመነጠርና ቆርቆሮ ይቆማል። አቅም ያለው ብሎኬት ይደረድራል። ግቢው ውስጥ ሳር ይነጠፋል፣ ቡጋንቪላ ይተከላል፣ በሩ ላይ ሁለት የፈረንጅ ጽጌረዳ ይቆማል። ያምራል። ትንሽ ቆይቶ ግን ባለቤቱ ራሱ «ድሮ እኮ እዚህ ጠዋት ጠዋት ወፍ ይንጫጫ ነበር» ይላል። ወፎቹ ሌላ ቦታ የሄዱት ወደው አይደለም። ምግባቸው ከአጥሩ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል።

አገር በቀል ተክል ንብ፣ ቢራቢሮና ወፍ የሚስበው ለምን እንደሆነ፣ ወሎ ላይም የቱ ተክል የት እንደሚሆን እንይ። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ጊዜያችሁም ገንዘባችሁም ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ አጥሩ ላይ አውሉት። መደቡና ማሰሮው በኋላ ይደርሳል።

የሚያምር ሁሉ አይቀሰምም

አበባ ለንብ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ወለላ ነው፣ ጣፋጩ ፈሳሽ። ሌላው ብናኝ ነው፣ በጣት ሲነካ ቢጫ የሚያቀባው ዱቄት። ወለላው ስኳር ነው ብንል ብናኙ ሽሮ ነው፤ ንቧ በአንዱ ጉልበት ታገኛለች፣ በሌላው እጮቿን ታሳድጋለች። ይህን ስትለቅም ብናኙ ጸጉሯ ላይ ይጣበቅና ወደሚቀጥለው አበባ ይሻገራል። ትምህርት ቤት «ርክበ ብናኝ» ብለው ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ዱባ የሚያበቅል ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። ዱባ አንዱ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ሴቷ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ ይዛ ትወጣለች፤ ወንዱ ቀጭን አገዳ ብቻ አለው። ጠዋት ይከፈታሉ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይጠወልጋሉ። በዚያች ሰዓት ብናኝ የሚያሻግር ካልመጣ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ሰው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ያነሰው ንብ ነው። ኑግም እንዲሁ ነው፤ በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት። ባቄላ ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ይይዛል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ንብ መጣ አልመጣ ግድ የላቸውም።

የቲማቲም ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ብናኙ ጫፉ ላይ በተበሳ ጠባብ ከረጢት ውስጥ ተዘግቷል። ነፋስ ሲያወዛውዘው የተወሰነው ይወርዳል። በደንብ የሚያራግፈው ግን አበባውን ጨብጦ መላ ሰውነቱን የሚያርገበግብ ንብ ነው። የማር ንብ ይህን ሥራ አታውቀውም። የሚያውቁት እነዚያ ደረቅ እንጨት ቦርቡረው የሚገቡት ትልልቅ ጥቁር ንቦች ናቸው። የእምቧይንም አበባ የሚያራግፉት እነሱ ናቸው። በረንዳ ላይ ሲያዩዋቸው በመጥረጊያ የሚያሳድዱ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ ቲማቲም አላቸው፤ ይህ ነገር ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደዚያ የሚያምር ግቢ እንመለስ። ቡጋንቪላ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሀሉ ያለችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት። ብዙ ድርብርብ ያለው የፈረንጅ ጽጌረዳ ደግሞ ብናኝ የሚሰጠው ክፍሉ በሰው እርባታ ወደ ቅጠለ አበባነት ተለውጧል። ንቧ ብትመጣም መሀሉን አታገኘውም። ቀጋን አጠገቡ ብታስቀምጡት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፦ አምስት ነጭ ቅጠለ አበባ፣ መሀሉ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ በብናኝ የተሞላ። ኋላ ላይ ቀይ ፍሬ ያፈራል፤ ልጅም ወፍም ይበላዋል። እሾሁ ደግሞ አጥር ነው።

ቅጠሉ ካልተበላ ወፍ አይመጣም

ብዙ ሰው የማይወደው ክፍል ይኸኛው ነው።

ድንቢጥ ጥሬ ለቃሚ እንደሆነች እናውቃለን። ጫጩቶቿን የምታሳድገው ግን በአብዛኛው በነፍሳት ነው። ሌሎቹም ትንንሽ ወፎች እንዲሁ። ጫጩት ደረቅ ጥሬ መፍጨት አይችልም፤ ለስላሳና ገንቢ ነገር ይፈልጋል። ያ ነገር ትል ነው። ትል ደግሞ ቅጠል ይበላል፣ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ግን አይደለም።

ተክል ቅጠሉን በመራራና በመርዛማ ንጥረ ነገር ይከላከላል። እያንዳንዱ የትል ዓይነት በረጅም ዘመን የለመደው ጥቂት ተክል አለው። የዚያን ተክል መርዝ መቋቋም ይችላል፤ የሌላው ይገድለዋል። ባህር ማዶ ለባህር ማዶ ነፍሳት የተፈጠረ ተክል እዚህ ሲመጣ ቅጠሉን የሚበላው ጥቂት ነው። ነጋዴው «ተባይ አይነካውም» ብሎ ሲያሞግሰው እውነቱን ነው። ወፏም ከዚያ ዛፍ ላይ ለጫጩቷ የምትለቅመው አታገኝም።

ቆቦና ጨፋ አካባቢ መንገድ ዳር የሚበቅለውን ጦቢያ ውሰዱ። ወተቱ መርዝ ነው፤ ከብት አይደፍረውም። ብርቱካናማ ክንፍ፣ ጥቁር ጠርዝና ነጭ ነጠብጣብ ያላት ቢራቢሮ ግን እንቁላሏን የምትጥለው እሱና የእሱ ዘመዶች ላይ ነው። ትሏ መርዙን በልታ ሰውነቷ ውስጥ ታኖረዋለች። ቢራቢሮ ስትሆንም መርዙ አብሯት ስላለ ወፍ አንዴ ቀምሷት ሁለተኛ አይደግማትም።

ሎሚ ያለው ሰው ሌላ ትዕይንት አለው። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካያችሁ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ትል ነው። ከፍ ሲል አረንጓዴ ይሆናል፤ ስትነኩት ከአናቱ ቀይ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ኋላ ጥቁርና ክሬም ቀለም ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ይወጣዋል። ሎሚ መጤ ነው፣ ከእስያ የመጣ። ቢራቢሮዋ ግን የአፍሪካ ናት። የሎሚ ቤተሰብ የሆነው ልምጭ እዚህ ስለነበር ቅጠሉን ታውቀዋለች፤ ሎሚ ሲመጣ ተሻገረች። ስለዚህ መጤ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ እዚህ ዘመድ ያለው መጤ ቶሎ ይለመዳል። ያደገ የሎሚ ዛፍ በጥቂት ትል አይሞትም። ገና የተተከለ ችግኝ ከሆነ በእጅ ለቅሞ ማንሳት በቂ ነው።

ባህር ዛፍንም ያለ ስሙ ስም እንዳንሰጠው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አገሩን ሞላው። አበባው ለንብ ጥሩ ቀሰም ነው፤ ማር አምራቾች ይወዱታል። ችግሩ ቅጠሉን የሚበላው እዚህ ጥቂት መሆኑና ከሥሩ ሌላ ነገር እምብዛም አለማብቀሉ ነው። ማር ሊኖራችሁ ይችላል፣ የወፍ ጎጆ ግን ብዙ አትጠብቁ። ግራቪሊያም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነው።

ከጉጉፍቱ እስከ ቆቦ

ወሎን በአንድ የችግኝ ዝርዝር መሸፈን አይቻልም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ትወርዳለች። ቆቦ ከዚያም በታች ናት። ላስታ ላይ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር ያልፋል። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና ለመውረድ ጊዜ አይፈጅም፤ ለተክሉ ግን ሌላ አገር ነው።

ከፍ ያለው ደጋ ላይ፣ ጉጉፍቱና ከዚያ በላይ፣ ጦስኝ፣ አስታና ኮሶ አሉ። ጦስኝ ለሻይ ብለው ማሰሮ ውስጥ የሚያኖሩት ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሲያብብ ሁሉንም አትጨዱት፤ ግማሹን ለንቦቹ ተዉላቸው።

ደሴ፣ ወረኢሉ፣ የወልድያ ዙሪያ ተራራ ላይ ያለ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው፦ ቀጋ፣ አንፋር፣ ግራዋ፣ ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ የፈረስ ዘንግ፣ እሬት፣ ኮርች፣ ዳማከሴ። አንፋር ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ትንንሽ አበባ በረጅም ዘለላ ያወጣል፤ ሽታው ይጠራል፣ ቢራቢሮ አይጠፋበትም። ዳማከሴን ለምች የተከለ ሰው ሳያስበው የንብ ቀሰም ተክሏል። በላስታ፣ በዋግና በትግራይ የሚታወቀው ነጭ ማርም በብዛት የሚመጣው ከበሶብላና ከዳማከሴ ወገን ከሆነ የዱር ቁጥቋጦ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚለው ትውፊት ከዚያ አገር መውጣቱ አይገርምም።

ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ወደ ታች አጋም፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ ይመጣሉ። የአጋም ነጭ አበባ መዓዛው ሩቅ ይሰማል፣ ጥቁሩ ፍሬ ደግሞ ለሁሉም ነው። ዋንዛ ለንብ ካለው ዋጋ ሌላ ፍሬው ላይ ወፍ ይሰፍራል። ሾላ አበባው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ ወደ ውስጥ ገብታ የምታዳቅለው ከትንኝ የምታንስ ተርብ ናት። የፍሬው ወፍ ግን ከዛፉ አይጠፋም። ሾላና ዋርካ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከቤት ግድግዳ አጠገብ እንዳትተክሏቸው፣ ሥራቸው መሠረት ይሰነጥቃል። ቆቦ ሜዳ ላይ ግራርና ቁርቁራ ይበቃሉ፤ ቁርቁራ እሾሁ አጥር፣ አበባው ቀሰም፣ ፍሬው ለልጅና ለወፍ ነው።

ወሎ ያለ ሰው ሊያያት የምትገባ አንዲት ወፍ አለች። ከላስታ ተራሮች በሚነሳው በተከዜ ስም የምትጠራ አበባ ቀሳሚ ወፍ ናት፤ ሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባችው በ1814 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊና ነሐስ ይሆናል፣ ጭራው መሀል ሁለት ረጅም ላባ አለው። ምንቃሩ ቀጭንና ቆልመም ያለ ነው። እሬት፣ የፈረስ ዘንግና ኮርች አበባቸው ቱቦ ነው፤ ለዚህ ምንቃር ይመቻል። ወለላውን ሲጠጣ ግንባሩ ብናኝ ይቀባል። ስኳር ውኃ በጠርሙስ መስቀል አያስፈልግም። ድንጋይ ካብ ላይ ሦስት አራት እሬት ይበቃል፤ ውኃም አይጠይቅም።

ክፍተቱን መሙላት

መስከረም ላይ ማንም ጎበዝ ነው። አደይና መች የሚባለው ቢጫ አበባ ተራራውን ይሸፍኑታል፣ ንብ በየቦታው አለ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ደረቅ ወቅትና ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ክረምት ላይ አበባ ቢኖርም ዝናቡ ንቧን ከቤት አያስወጣትም። በበጋ መጨረሻ ደግሞ መብረር ትችላለች፣ የምትቀስመው ግን የለም። አንድ ወር አበባ የሞላው፣ አሥራ አንድ ወር ባዶ የሆነ ጓሮ ለእሷ ማለፊያ መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስትመርጡ «አበባው ያምራል?» ከማለት በፊት «መቼ ያብባል?» በሉ። መስከረምን አደይ ይይዘዋል፤ ዘሩ ኅዳር ላይ ሲደርቅ ሰብስቦ በሚቀጥለው ሰኔ መበተን ነው። የፈረስ ዘንግ ከዝናቡ መውጫ ወደ በጋው ይሻገራል። ግራዋ ገና ሲያልፍ ነጭ በነጭ ይሆናል። ያ ወቅት ሌላው ሁሉ የደረቀበት ስለሆነ እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምተክለው ግራዋ ነው። ለጋን ማጠቢያ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ትጨርሱታላችሁ እንጂ እንዲያብብ የሚተው ሰው ጥቂት ነው፤ አንዱን ጎን ብቻ ቁረጡ። ኮርች በበጋ ቀይ አበባ ያወጣል። ብሳና የበልግ ዝናብ ሲነካው ያብባል፤ ወሎ በልግ ያለው አገር መሆኑ ለንብም ሁለተኛ ዕድል ነው።

አጥሩን እንዴት?

ግድግዳና ቆርቆሮ ያለው ሰው ያፍርስ አይባልም፤ ሌባም አለ። ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ የሚያህል ስፋት ይበቃል። ዋናው ነገር የተለያየ ቁመት መቀላቀል ነው፦ ከኋላ ግራዋና አንፋር፣ ከፊት ቀጋ ወይም አጋም፣ ከሥር ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ እሬት። እሾህ ያለው ቁጥቋጦ ለወፍ ጎጆ ይጠቅማል፤ ድመት አይገባበትም። ትንንሽ ልጆች የሚሮጡበት በኩል ግን እሾሁን አታምጡት። ቁልቋልም ልጆች ባሉበት ግቢ ይቅር፤ ወተቱ ዓይን ያበላሻል።

ግራዋና ኮርች በቅርንጫፍ ይበቅላሉ። እሬት ከጎኑ የሚወጣውን ቡቃያ ነቅሎ መትከል ነው። ወይራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዘሩ ጠንካራ ነው፣ እድገቱም ዘገምተኛ ነው። ወፍ በልታው የጣለችው ዘር ግን ከአጥር ሥር ራሱ ይበቅላል። ከዚህ የተነሳ ትልቁ ሥራ አንዳንዴ መትከል ሳይሆን አለመንቀል ነው። ሐምሌ ላይ አረም ስታርሙ የማታውቁትን ችግኝ ለአንድ ክረምት ተዉትና ምን እንደሆነ እዩት።

ሁሉንም ግን አትተዉ። ቅንጬ አረም ከታየ አበባ ሳያወጣ በጓንት ንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ማሳ ይወርራል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው የወፍ ቆሎ ደግሞ ፈታኝ ነው። ቢራቢሮ ይወደዋል፣ ወፍ ፍሬውን ይበላል፤ ግን ያችው ወፍ ዘሩን ጫካ ውስጥ ትበትነዋለች፣ የሌላውን ቦታ ይነጥቃል፣ ከብትም ይመርዛል። ወፍ መጣ ብሎ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የሚረጭ መድኃኒት ነገር አጭር ነው፦ ባትረጩ ይሻላል። የግድ ከሆነ ያበበ ነገር ላይ አይሁን፣ ሰዓቱም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን። የተረጨ ትል የበላች ጫጩት ምን እንደምትሆን መገመት አይከብድም።

ከግቢው አንድ ጥግ ሲሚንቶም ሳርም ሳይለብስ ይቅር። ብዙ ንቦች ቀፎ የላቸውም፤ መሬት ቆፍረው ለብቻቸው ይኖራሉ። ማሯ ለመድኃኒት የምትፈለገው ጣዝማም ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። ውኃ ካስቀመጣችሁ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሳሕን ላይ ይሁን፣ ንብ የምትቆምበት ጠጠር ይኑረው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት፤ ኮምቦልቻና ቆቦ ላይ ወባ እንዳለ አትርሱ።

«ወፍ ከመጣ ማሽላዬን አይጨርስም ወይ?» የሚል ይኖራል። በመንጋ ማሳ የሚያወርደው ግሪሳ ነው፤ እሱ የሚከተለው የሳርና የማሽላ ጥሬ እንጂ የጓሮ አጥር አይደለም። አጋምና ወይራ የሚስቡት ፍሬ በሎችን ነው፤ እነሱ ካስቸገሩ የሚያስቸግሩት የጓሮ ፓፓያና ዘይቱን ላይ ነው። ትንሽ መጋራት ይኖራል።

ችግኙን ከየት እናምጣ ለሚል፣ አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በየመስጊዱና በየመሻይኹ መካነ መቃብር ዙሪያ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የጎፍ ተራራን በመሳሰሉ ደኖች ነው። ከደን አትንቀሉ። ከቅጥር ውስጥ ደግሞ አስፈቅዳችሁ የወደቀውን ፍሬ ልቀሙ። ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ «ጥድ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የፈረንጁን ይሰጧችኋል። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ለስላሳና ሰማያዊ ነው፣ ወፍ ይበላዋል። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የደረቀ ነው፣ ፍሬ በላ ወፍ የሚያገኝበት የለም። የሐበሻው ጥድና ኮሶ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱም ሴቱም ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ጾታቸው እስኪያብቡ ድረስ አይታወቅም። ቦታ ካላችሁ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ አራርቃችሁ ትከሉ።